ከእጁ ነው ከአፉ

ሽታው የመጣው ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

መቅደላዊት ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። የነሐሴ ጉም ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን እንደሸፈነው ነበር። ሙሉሰው ጃንጥላውን ደጅ አራግፎ ገባና አንድ ወረቀት ዘረጋላት። ስትቀበለው ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም አቀርቅረው ፈገግ ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን አፍንጫዋ ቀደማት።

አረቄ። ያውም ዳግም አረቄ፣ ሁለቴ የወጣው፣ ከሩቅ የሚጣራው።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። አነጋገሩም እንደ ወትሮው ዝግ ያለ።

«ምነው መቅዲ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። ስንት ኮፒ ላድርግልህ?»

«ሁለት ይበቃል። ዝናብ እንዳያበላሽብኝ ነው።»

ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሣለ ረጅም ሣጥን አለ። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ከፍታው ተጽፎበታል። ከፊት በኩል አንዲት ክብ ቀዳዳ አለችው።

«የሬሳ ሣጥን ነው?»

ሳቀ። «ለሬሳ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል? ፍሪዘር ነው፣ ያ ተጋድሞ የሚቀመጠው። እዚሁ ማራኪ አንድ ሰው ቤት እየሠራሁ ነው።»

«ታዲያ ለፍሪዘርስ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል?»

ሙሉሰው ወዲያው አልመለሰም። የሰው ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚያዳምጥ፣ አንዱ የሚደብቅ። መቅደላዊት የሚያዳምጠውን ዓመት ሙሉ ለምዳው ነበር። ይሄኛው ግን ሌላው ነው።

«ሰውየው የፈለጉት ነገር አለ» ብሎ ወረቀቱንና ኮፒዎቹን አጥፎ ወጣ።

የተዋወቁት እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ ባለፈው መስከረም። ሙሉሰው የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነው። የፍሪጅ ጥገናን የተማረው ከተጣሉ ፍሪጆችና ከአንድ የተዋሰው አሮጌ መጽሐፍ ነው። ያን መጽሐፍ ሊያባዛ በመጣ ቁጥር አምስት አምስት ገጽ ብቻ ያስነሣ ነበር። «ምነው አንዴ ጨርሰህ አትገላገለውም?» ብትለው፣ «ቶሎ ካለቀ በምን ምክንያት እመጣለሁ?» አላት። መጽሐፉ ሲያልቅ ግንቦት ወጥቶ ነበር። በሰኔ አያ አዳነ የሚባሉትን አዛውንት አስቀድሞ ሦስት ሽማግሌ ወደ አባቷ ላከ።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የድጓ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ ሰውን ግን በእርምጃው ድምፅ ይለዩታል። ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጁ ይጠጣል?»

«በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ የኔታ» አሉ አያ አዳነ።

«እንግዲያው ልጄ ታስብበት። ፍልሰታ ሲፈታ ኑ።»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። የመቅደላዊት ታላቅ፣ ስንዱ፣ ከባሏ ከነጋ ቤት ወጥታ አባቷ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ነጋን ያስጣላት አረቄ ነው።

ለዚህ ነው መቅደላዊት በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ለእህቷ ስትነግራት ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው። ስንዱ ምስር ትለቅማለች። እጇን አላቆመችም።

«ነጋስ በምን ጀመረ? ‹ለጥርሴ ነው› እያለ። በጥጥ ነክሮ ይነክሳል። በኋላ ጥጡ ቀረ።»

«እኔን እኮ አንድ ቀን ነው የሸተተኝ።»

«አንቺን የሸተተሽ አንድ ቀን ነው፤ እሱ የጀመረው መቼ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ፣ እህቴ?»

ነገሩ በዚያ ቢቆም መልካም ነበር። ግን በሳምንቱ መጀመሪያ እትዬ ይመኙሽ መታወቂያቸውን ሊያስነሡ ፎቶ ኮፒ ቤት መጡ። እትዬ ይመኙሽ አረቄ ሻጭ ናቸው።

«ያ ሸጋ ልጅ የናንተ ነው አሉ?» አሏት ገና ሳይቀመጡ። «እግዜር ይስጠው! በፍልሰታ ደጄን የሚረግጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። እሱ ብቻ ጠዋት ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ይወስዳል። ደግሞ ምርጫ ያውቃል፤ ከጠንካራው ነው የሚለኝ።»

መቅደላዊት መታወቂያውን ገልብጣ አነሣችው። ሁለት ጊዜ ተበላሸባት።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በገዛ ዓይኗ አየች። አንድ ባጃጅ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው መንገድ ተንገዳግዶ መጥቶ አረንጓዴ በር ፊት ቆመ። ሙሉሰው ከኋላ ተቀምጦ የድራፍት በርሜል እንደ ሕመምተኛ ደግፏል። በእግሮቹ መሃል የጋዝ ሲሊንደር አለ። ወረደና ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ በርሜሉን አቅፎ ገባ።

ግራ ቀኙን ባያይ ኖሮ ምንም አይመስላት ይሆናል።

ቤት እንደደረሰች አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንቢ ይበሏቸው።»

መሪጌታ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ የሚያዳምጠው ዓይነት ነው። መቅደላዊትም ሁሉንም አወጣችው፤ ሽታውን፣ የእትዬ ይመኙሽን ጠርሙስ፣ በርሜሉን። ስንዱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«እሺ» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «ሽታው ከእጁ ነው ከአፉ?»

«ምን አሉኝ?»

«አረቄ የያዘ እጁ ይሸታል፤ የጠጣ አፉ ይሸታል። ከየትኛው ነው?»

መቅደላዊት ፊቷ ጋለ። ይህን ለማወቅ የት ድረስ መጠጋት እንዳለባት አሰበችና ይበልጥ ጋለ። «እኔ... አባዬ፣ እኔ በምን አውቃለሁ!»

«እሰይ። አለማወቅሽም ደግ ነው» አሉ፣ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ብልጭ ብሎ። «ግን ያላወቅሽውን አትፍረጂ። ቶማስ እንኳ ቢጠራጠር ጣቱን ዘርግቶ ነው የጠየቀ፤ ቤቱ ተቀምጦ አይደለም። ሄደሽ እዪ።»

«ሄዳ ምን ታያለች?» አለች ስንዱ ከጓዳ። «ለጥርሴ ነው ይላታል።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መቅደላዊት ነጠላዋን አጣፍታ አረንጓዴውን በር አንኳኳች። የከፈቱላት ባለቤቱ አቶ እንዳልካቸው ናቸው፤ ወፍራም፣ ጡረታ የወጡ፣ ሳቂታ ሰው።

«ቢራው ገና ነው!» አሏት ገና እንዳዩዋት። «ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አረፈው እኮ። ፍልሰታ ሲፈታ ተመለሺ።»

«ሙሉሰውን ፈልጌ ነው።»

«እሱም እስኪደርቅለት እየጠበቀ ነው። ግቢ፣ ግቢ።»

በረንዳው ላይ ትልቁ ፍሪዘር ተጋድሟል። ፊቱ በሙሉ ሊጥ መሳይ ነገር ተቀብቷል። ሙሉሰው ተንበርክኮ፣ እጆቹ እስከ አንጓው በሊጥ ተነክረው፣ ቆርቆሮውን እንደ ግድግዳ ይለስናል። ጉልበቱ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል።

«ጾምህን የምታከብረው በዚህ ነው?»

ደንግጦ ዞረ። ጠርሙሱን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«ለዱቄቱ ነው» አላት።

ለጥርሴ ነው። የስንዱ ድምፅ በጆሮዋ አቃጨለ። ወደ በሩ ተመለሰች።

«መቅዲ! ቃሌን አትመኚ። ብቻ አንድ ጊዜ ቆመሽ እዪ።»

ቆመች። ለምን እንደቆመች በኋላም አላወቀችውም። ቃሌን አትመኚ ያለ ሰው ከዚያ በፊት ሰምታ ስለማታውቅ ይሆናል።

«አቶ እንዳልካቸው ይህን ፍሪዘር የቤት ድራፍት መቅጃ አድርግልኝ አሉኝ» አለ። «በርሜሉም ጋዙም ከውስጥ ይቀመጣል፤ ቧንቧው በፊት ለፊት ይወጣል። እንዳለ ቢሠራ ቢራውን በረዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አራት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት። የቀረኝ ቀዳዳው ነው። ከክዳኑ ሥር የእንጨት ክፈፍ ላስገባና እንጨቱን ልብሳ ብላቸው፣ ‹መልኩን አታበላሽብኝ› አሉ። ቆርቆሮው ሥር ደግሞ ቀጭን የማቀዝቀዣው ጋዝ ቧንቧ እንደ ደም ሥር ይዞራል። እሱን ከነካሁት ፍሪዘሩ አለቀለት።»

«አረቄውስ?»

«ሞተሩ ሲሠራ ቧንቧው ይሞቃል። የፉርኖ ዱቄት ለውሼ ስቀባው ቧንቧው ያለበት ቀድሞ ይደርቃል። በውሃ ብለውሰው በዚህ ክረምት መች ይደርቅልኛል? አረቄ ግን ቶሎ ይተናል። ስንት ቀን ቀባሁ መሰለሽ፤ ሊደርቅ ሲል መብራት ይሄዳል። በነጋታው እንደገና።»

ሞተሩ ያጓራል። ሁለቱም ዓይናቸውን ሊጡ ላይ ተከሉ። ደቂቃው ረዘመ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ሙሉሰው ቀና ብሎ አምፖሉን አየና «ዛሬን ብቻ» አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ መጣ። በግራ ጥግ አንዲት ነጭ መስመር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ከእርጥቡ ሊጥ ውስጥ ብቅ አለች። ወረድ ብላ ታጠፈች። ሌላ መስመር ተከተላት፣ ሌላም። መቅደላዊት ከልጅነቷ የአባቷን ድጓ ስታይ ነው ያደገችው፤ ከፊደሉ በላይ የሚሰፍሩትን የዜማ ምልክቶች ታውቃለች። ማንም ያልጻፈው ምልክት በቆርቆሮ ላይ ሲሰፍር ያየችው ያን ቀን ነው።

«ኧረ ሙሉሰው!» አለች፤ ስሙን ሳታስበው።

ዓይኖቻቸው ተገናኙ። እሱ ፈገግ ሊል ሲል፣ የእሷ ፊት ተመልሶ ጠቆረ።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ሽማግሌዎቹ የኔታ ፊት አይጠጣም ብለው መሰከሩልኝ። ለድጓ መምህር ልጅ ሽማግሌ ልኬ በፍልሰታ የቢራ ዕቃ እሠራለሁ ልበል? ፍሪዘር ጥገና ነው አልኩ። ውሸት አይደለም።»

«ግማሽ እውነት ነው። እህቴን ከቤቷ ያስወጣት ግማሽ ነው። ነጋም ጥርሱን በእውነት ያመው ነበር።»

ሙሉሰው ራሱን ዝቅ አደረገ። ለመከራከር አልሞከረም፤ ይህም አልጠፋትም። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ፣ በሱሪው ጠርጎ፣ ሰጣት።

«የምበሳበትን አንቺ ምልክት አድርጊልኝ።»

«እኔ? ብሳሳትስ?»

«አብረን እንሳሳታለን።»

በሁለት ነጭ መስመሮች መሃል፣ ወደ አንዱም ሳታደላ፣ ትንሽ መስቀል አደረገች። ሙሉሰው ሞተሩን አጥፍቶ መሰርሰሪያውን አነሣ። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። አቶ እንዳልካቸው እንኳ ሳቃቸውን ዋጡ። መቅደላዊት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። ጋዝ ቢያመልጥ ያፏጫል። አባቷ የደቀ መዛሙርት ስሕተት እንደሚያዳምጡት አዳመጠች።

ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ደኅና ነው» አለች። ሙሉሰው እፎይ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷም ነጠላዋን አስተካከለች። «ቀሪውን ግማሽ ለእኔ አይደለም የምትነግረው። ሄደህ ለአባቴ ራስህ ተናገር።»

«ያለ ሽማግሌ? ነውር እኮ ነው። አያ አዳነ ቢሰሙ ይገድሉኛል።»

«መደበቅስ?»

በማግሥቱ ሙሉሰው ብቻውን መጣ። ጋቢውን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አጣፍቶ በሩ ላይ ቆመ። መሪጌታ እርምጃውን ሰምተው «ይህ ሽማግሌ አይደለም» አሉ። እሱም ሁሉንም ተናገረ፤ ፍሪዘሩን፣ በርሜሉን፣ አረቄውን፣ ግራ ቀኝ አይቶ መግባቱን። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል።

«የኔታ፣ ሥራው ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«በቃና ሠርግ ወይኑ ከየት እንደመጣ ያወቁት የጠጡት አይደሉም፤ የቀዱት ናቸው። ወንጌሉ እንዲህ ነው የሚለው። የሚቀዳ ሰው ከሚጠጣው ይልቅ ልብ ይበል።» ቀጠሉ፤ «ይህን ስልህ ግን ቢራውን ባረክሁልህ ማለት አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ የኔታ።»

ያን ጊዜ ስንዱ ከጓዳ ወጣች። ሰላም አላለችውም። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እፍ በል።»

«ስንዱ!» አለች መቅደላዊት።

«እፍ ይበል! አባዬ ከእጁ ነው ከአፉ ብለው አልጠየቁም? አንቺ ካፈርሽ እኔ አላፍርም።»

ሙሉሰው መሪጌታን አየ፤ መሪጌታ ራሳቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ አለና እፍ አለ።

ስንዱ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ።

«ሽሮ ነው» አለች። «ሽሮና ነጭ ሽንኩርት።»

ከዚያ ፈጥና ዞረች። ጓዳ ስትገባ መቅደላዊት ብቻ ሰማቻት፤ «ያን ጊዜ ነጋን እፍ በል ያለው ሰው ቢኖር» ስትል።

ፍልሰታ ሲፈታ አያ አዳነ ከነሽማግሌዎቻቸው መጡ፤ ነገሩ ቀድሟቸው ስላለቀ ጥቂት ተቀየሙ፤ ጠላ ሲቀዳላቸው ቅያሜውን ተዉት። ሠርጉ በቁርባን ሆነ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ። አቶ እንዳልካቸው ፍሪዘሩን በመኪና ጭኜ ላምጣ ቢሉ መሪጌታ «የኛ ጋን ይበቃናል» ብለው መለሱላቸው።

መቅደላዊትን ጥርጣሬዋ ጨርሶ ለቀቃት ብል ዋሸሁ። እንደ ጎረቤት ድመት ነው፤ አንዴ ቤቱን ካወቀ ይመላለሳል። ሙሉሰው አሁንም ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ። እሱም ሥርዓቱን ያውቃል። መጀመሪያ እጁን ይዘረጋላታል፣ ዛሬ ዘይት፣ ነገ ጋዝ፣ አንዳንዴም አረቄ የሚሸተውን።

ከዚያ ቀረብ ይልና፣ ሳትጠይቀው፣ እፍ ይላል።