ሦስተኛው ጥሪ

በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ የስም ጠሪዋ ወረቀት ተበተነባት። የግል ተመራጩ እየለቀመላት፣ «እኔም እንደነዚህ ወረቀቶች ነኝ፤ የትኛውም ጥራዝ ውስጥ የለሁም» አላት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቧ አልተመለሰላትም።

የፓርቲ አባላትን ድምፅ ተጠሪያቸው ተነሥቶ ባንድ አፍ ይናገራል። ፓርቲ የሌለው ግን ስሙ ሲጠራ ራሱ ቆሞ ይመልሳል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ካለ እንደቀረ ይጻፋል። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ሰው እሱ ብቻ ነበር። የምትጠራውም እሷ።

ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር የሚፈቅድ ረቂቅ ሲቀርብ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። እሱ ከቀረ፣ ደንቡ እንደሚለው የገዢው ፓርቲ ሰው የሆኑት አፈ ጉባኤ ይወስናሉ፤ ረቂቁም ያልፋል።

አባቷ የገዢው ፓርቲ ተጠሪ ናቸው። ልጃቸውን ለብቻዋ ጠሯት። «ያ የምትወጂው ሰው ከቀረ በገዛ እጄ ለእሱ እድርሻለሁ» አሏት። «ከተቃወመ ግን ከፓርቲያችን ሰዎች ላድነው አልችልም።» ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ እሳቸውም ፈርተዋል።

ታመምኩ ብሎ እንዲቀር ለመነችው። ዝም ብሎ አያት። ዝምታውን እሺ ነው ብላ ተረጎመችው።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ወንበሩ ባዶ ነበር። ስሙን አንዴ ጠራች፤ በልቧ ተመስገን አለች። ጥሪውን ደገመች።

ያኔ በመስታወቱ በር አየችው። ጠባቂዎቹ ቦርሳውን ገልብጠው፣ ጫማውን አስወልቀው፣ እንዳይደርስ ፍተሻውን ያንቀራፍፉታል። አባቷ ቀጥይ ብለው በዓይን ጠቀሷት።

አንድ ጥሪ ብቻ፤ እንደቀረ ይጻፋል፤ ነፍሱ ትተርፋለች፣ የእሷም ይሆናል። ከዚያ በኋላስ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ብርጭቆ አነሣች። ብርጭቆው አዘንብሎ ውሃው መዝገቡ ላይ ፈሰሰ። በመሐረቧ ታደርቀው ጀመር፣ ቀስ ብላ።

«ወይዘሪት፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አሉ አፈ ጉባኤው።

«መዝገቡ ረጥቦ ነው፣ ክቡር አፈ ጉባኤ።»

በሩ ተከፈተ። ባንድ እግር ጫማ፣ እያለከለከ ገባ። ሦስተኛውን ጠራች።

«እቃወማለሁ» አለ።

ረቂቁ ወደቀ። አዳራሹ ሲበተን አጠገቡ የቆመ ሰው አልነበረም። አባቷ ግን በጠረጴዛዋ በኩል ሲያልፉ፣ ሳያዩዋት የመኪናቸውን ቁልፍ አስቀመጡ። «በኋላ በር አውጪው» አሉ።

እሱን አሳፍራ እሷ ነዳች። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ «አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ልጠራህ ምንም አልቀረኝም ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። ከንፈርሽ ሲከፈት በበሩ አይቻለሁ» አላት። «ሲዘጋም አይቻለሁ።»

ከኋላ አንዲት ጥቁር መኪና ተከተለቻቸው። ሁለቱም አይተዋታል። እጇን ያዘ፤ እስከ ከተማው ዳር አልለቀቀም።