ከኦሞ ማዶ የጠራችኝ

ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ብትፈልጉ ሳቁብኝ፣ ውሸታም ግን አትበሉኝ።

ነሐሴ 11 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ኦሞራቴ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ግድም።

ያኔ እዚያ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ አስካል ደግሞ ጤና ረዳት። ማታውን ምጥ የጠናባትን ሴት ልታዋልድ ወንዙን ተሻግራ እዚያው አድራለች። እኔም ጎህ ሳይቀድ ልመልሳት ከታንኳ ቀዛፊው ከቦሼ ጋር ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ።

ኦሞ ሞልቷል። ጨረቃዋ ከማዶ ዛፎች በላይ ዝቅ ብላለች...

ግማሿ ግን የለም።

"ምን ሆና ነው?" አልኩ።

"ዝም በል፣ መምህር።"

የቀረው ግማሿም እየጨለመ፣ እየቀላ ሄደ። ውሃው ጠቆረ። እንቁራሪቶቹ እንኳ ዝም አሉ...

ያኔ ጠራችኝ።

"ጥላሁን... አሻግሩኝ..."

የአስካል ድምፅ ነው። ቦሼ ግን አልተነቃነቀም። እነቦሼ በጨለማ ድምፅ ሰምተው ብቻ አይሻገሩም፤ ከማዶ የሚጣራው ሰው እሳት ለኩሶ ማወዛወዝ አለበት።

"እሳት የለም። አልሄድም።"

"ሚስቴ ናት እኮ!"

"እሳት የለም፣ መምህር።"

ለመንኩት። ተቆጣሁት። በመጨረሻ ታንኳውን ራሴ መግፋት ስጀምር "ብቻህን ትሰጥማለህ" ብሎ ተከትሎኝ ገባ። ተምሬያለሁ ብዬ ንቄው ነበር፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስንደርስ አስካል እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። አዞ በሞላበት ወንዝ!

"ምን ነካሽ?"

"ቶሎ በሉ... እንሂድ።"

"ሕፃኑስ?"

"የቱ ሕፃን?"

ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ቢጨመርበትም ታንኳው ዝቅ አላለም...

መሀል ወንዝ ላይ ስንደርስ ጨረቃዋ ፍም መስላ ዛፎቹ ውስጥ ገባች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

ከኋላችን እሳት በራ።

"ጥላሁን! እዚህ ነኝ! የት ትሄዳላችሁ?"

ያው ድምፅ። እሳቱ ይወዛወዛል...

ቦሼ መቅዘፉን አቆመ።

"ልመለስ?" አለ በሹክሹክታ።

አጠገቤ ያለችው እጄን ጨበጠች። ታለቅሳለች።

"ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?"

ጨነቀኝ። በጨለማ ውስጥ ሁለት አስካል... እኔም የያዘኝን እጅ አመንኩ።

"ቅዘፍ" አልኩት።

እሳቱ እኛ ዳር እስክንደርስ ድረስ ተወዛወዘ። ከዚያ ጠፋ።

ረፋዱ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። የአራሷ ባል ነው፤ የአስካልን የመድኃኒት ቦርሳ ይዟል።

"እዚያ ማዶ ወንዙ ዳር ወድቆ አገኘሁት" አለ። "ሐኪሟ ደህና ደረሰች?"

ዞር ብዬ አየሁ። አስካል ሰውየው እንዳያያት ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ቆማለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች...

"ደርሳለች በለው።"