ስምንት ስንዝር በትር

ይሄይስ የሞተው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የደብር ደን ገደል ወድቆ ነው። የተሰበረው በትሩ ከደረቱ ሥር ተገኘ፤ ስልኩ ግን አፋፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ስልኩን መረመረች። ይሄይስ ከሁለት የደብሩ ሰዎች ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ዛፎቹን ፎቶ እያነሳ በመተግበሪያ ሲመዘግብ ኖሯል። የመጨረሻው መዝገብ የአንድ ዝግባ ፎቶ ነው። ከሥሩ «ደከመኝ። ይቅር በሉኝ» ይላል።

«ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም» አሉ ቄስ ገብረ ኢየሱስ፣ ዐይናቸውን ከሟች ሚስት ከሰብለ አሽሽተው። «እኔስ ደስ ብሎኝ ነው? አብሬው ዛፍ የመዘገብሁ ሰው ነኝ።»

«ለነገው የእርሻ ወንፈል ሰው ሲጠራ የዋለ ነው፣ አባ» አለች ሰብለ። «እንደ ከብት ልትቀብሩት ነው?»

ከብት ደን ውስጥ በመልቀቁ ከሟች ጋር የተጣላው አድማሴ ተጠየቀ።

«ተሰዳድበናል፤ አልዋሽም። ግን እኔ ፊደል የት አውቄ! በአውራ ጣቴ ነው የምፈርም።»

ሦስተኛው መዝጋቢ አንዷለም የሟች ሚዜ ነበር። «ሰሞኑን ከፍቶት ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ፎቶው ላይ ዝግባው ላይ የተደገፈው በትር ምንድን ነው?» አለች ሠርክአዲስ።

«የግንዱን ውፍረት መገመቻ ነዋ። የሦስታችንም በትር ቁመቱ እኩል ነው፤ ምልክቱን ግን እያንዳንዳችን በየስንዝራችን ቀርጸንበታል። ያለሱ ፎቶ ማንሳት አይሆንልንም፤ ለምዶብናል።»

ሠርክአዲስ ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ደጀ ሰላሙ ሥር ሰብስባ የበትሩን ስብርባሪ ዘረጋች።

«የይሄይስ እጅ ረጅም ነው፤ ስለዚህ በትሩ ሰባት ምልክት ብቻ አለው። በላካቸው ፎቶዎች ሁሉ ሰባት ነው። በመጨረሻው ስምንት። መተግበሪያው ያለ ፎቶ ጽሑፍ አይቀበልም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ዝግባውን አነሳ። የይሄይስ በትር አብሮት ወድቋል። ሰውየው እጁ እንደለመደው የራሱን አስደገፈ። አድማሴ አይጽፍም። የቄሱን በትር ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ነው። አንዷለም፣ በትርህን አምጣ።»

አንዷለም መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለቤቴ አንድ ዝግባ ቆረጥሁ። ጉቶውን ሊመዘግብ መጣ። ተወው ስለው ‹ያየሁትን አላየሁም ልበል?› አለኝ። ስልኩን ስነጥቀው ገፋሁት።»

«መግደልህ አነሰና ፍትሐቱንም ልትነሳው?» አለች ሰብለ። «ሚዜው!»

ቄሱ ተነሥተው ለፍትሐቱ ደወል አስደወሉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰብለ የተሰበረውን በትር በመቀነቷ አስራ ጉቶው ላይ አስደገፈችው።

«ያየውን መዝግቢለት።»

ሠርክአዲስ ፎቶውን አነሳች። ሰባት ምልክት።