አራቱ ቀይ ነጥቦች

አባ ሰከንድ ከፎቶ ቤታቸው የጓሮ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ነበር። በማግስቱ ደግሞ መርማሪዋ የፎቶ ቤቱን ኔጋቲቭ አስተካካይ ሴትዮ በካቴና አስራ፣ ሰፈሩ እያየ፣ በዋናው በር አወጣቻቸው። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ አየ፤ ጫማ ጠጋኙ ሥራውን ጥሎ ቆመ። ሴትዮዋ አልጮኹም፤ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ለመርማሪዋ ነገሩ ግልጽ መስሏት ነበር። አባ ሰከንድ የሚሠሩት ፎቅ ላይ ነው፤ ደንበኛ መጣ ብለው ከሥራቸው ንቅንቅ አይሉም። ሴትዮዋ ከታች ዕቃውን በገመድ በታሰረች ቅርጫት ያስቀምጡና ደወል ይደውላሉ፤ ቅርጫቷ ተስባ ትወጣለች። በዚያን ዕለት ልክ በስድስት ሰዓት ወርቅ ሠሪው ከቅርብ የሚነሳ ቀለበት አመጣ፤ ቅርጫቷም ወጣች። ካሜራው ውስጥ የተገኘው ፊልም ሲታጠብ የቀለበቱ ፎቶ ነበረበት። እንዲህ ያለ ፎቶ አባ ሰከንድን አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ እስከ ሰባት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ታናሽ ወንድማቸው ግን ከስድስት ተኩል ጀምሮ ሠርግ ያነሳ ነበር። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ነበረች። ቤት የቀሩት ሴትዮዋ ብቻ ናቸው። ቅርጫቷ በስድስት ሰዓት መውጣቷን የመሰከሩትም ራሳቸው ነበሩ፤ እውነት በመናገራቸው ታሰሩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር መርማሪዋን ከነከናት። የቀለበቱ ኔጋቲቭ ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ ሳስቷል፤ ባዶ ላስቲክ ለመምሰል ትንሽ ነው የቀረው። ይዛው ወደ እስር ቤቱ ሄደች።

«እትዬ፣ እኔ የዚህን ሙያ ሀ ሁ አላውቅም። ያስተምሩኝ። ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

ሴትዮዋ ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ አነሱት። «ይሄ የሳቸው እጅ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንዲህ የራበው ኔጋቲቭ ሰጥተውኝ አያውቁም።»

«የራበው?»

«ብርሃን ያልጠገበ። ካሜራው የድሮ ነው። ትንሽ ነገር ከቅርብ ለማንሳት ሌንሱን ከፊልሙ ማራቅ አለብዎት፤ መሃሉ ያለው ቆዳ እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋል። በተዘረጋ ቁጥር ፊልሙ ጋ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። በእጅ የሚያዘው የብርሃን መለኪያ ይሄን አያውቅም፤ ሰው ነው የሚጨምርለት።»

«ይሄን የሚያውቅ ማን ነው?»

«እኔ አውቃለሁ። ልጃቸውም ታውቃለች።» ኔጋቲቩን መለሱላት። «ሌላውን እንጃ። በማላውቀው ነገር ሰው ላይ አላላክክም።»

የመርማሪዋ ፊት ጋለ። በማታውቀው ነገር ሰው ላይ ያላከከችው እሷ ነበረች።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ በካቴና የታሰረ እጃቸውን በሹራባቸው ሸፍነው በር ሥር ቆሙ። ወንድምየው ከረባቱን አስሮ መጥቷል፤ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የንብ ዓይን ከቅርብ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሥሩ የእሱ ስምና «አንደኛ ሽልማት» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ካሜራው እንደተገኘ ነው፤ ፊልሙ ከመውጣቱ በቀር ማንም አልነካውም» አለች መርማሪዋ። ጣቷን ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ አሳረፈች። ሌንሱ የቆመበት ቦታ ላይ አራት ቀይ ነጥቦች ተቀብተዋል። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ወንድምየው ቀደመ። «የጋሼ ምልክት ነው። ዕቃው ስንት ጣት እንደሚርቅ ለማወቅ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዚህ ሥራ የተሸለምኩ ሰው ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው ቀለበቱን ያንሱልን።»

መለኪያውን አንስቶ ቀለበቱ ዘንድ አስጠጋና አነበበ። «ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል።»

ልጅቱ ቀና አለች። «አጎቴ፣ ስምንት ነው እንጂ። ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር እቆጥር ነበር። መለኪያው ያለውን አንድ ነጥብ ከሆነ አንዴ፣ አራት ከሆነ አራት ጊዜ። አባ ሰከንድ ያሰኘው እኮ ጮክ ብሎ መቁጠሩ ነው።»

ወንድምየው መለኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«በዚህ ካሜራ መሥራት የሚችሉት ከሟቹ ሌላ ሦስታችሁ ናችሁ» አለች መርማሪዋ፣ ሳትቸኩል። «አባ ሰከንድ ስምንት ሰከንድ ይሰጡ ነበር። እትዬም፣ ልጃቸውም እንደዚያው። ፊልሙ ግን ያገኘው ሩቡን ብቻ ነው። እትዬ ሆን ብለው አበላሹት እንዳልል፣ ፎቶው የጎዳው እሳቸውን ነው። የተጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሠርግ ቤት የነበረው። የእርስዎ አዲስ ካሜራ ብርሃኑን በሌንሱ ውስጥ ስለሚለካ ጉድለቱን ራሱ ይሞላል፤ ነጥቦቹን ማወቅ አላስፈለገዎትም። ደወሉ ሲደወል ወንድምዎ ወድቀው ነበር። ቅርጫቷን ሳቡ፣ በሕይወት ያሉ እንዲመስል ቀለበቱን በጥድፊያ አነሱ፣ እንደገቡት በጓሮ ወጡ።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ንቡም የተነሳው ከቅርብ፣ በዚሁ አሮጌ ካሜራ ነው። እሱንስ ማን አነሳው?»

ወንድምየው ፎቶውን ለማየት አልደፈረም።

«ጋሼ ነው» አለ። «በስሜ ለውድድር ልኬው አሸነፈ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት የኔ ነው አልኩ። አሁን ደግሞ አንድ የፎቶ ትምህርት ቤት ከቅርብ ማንሳትን አስተምር ብሎ ጠራኝ። ጋሼ አልተቆጣኝም። ‹ና ቁጭ በል፣ ዛሬውኑ ላሳይህ፤ ግን እውነቱን ንገራቸው› ነው ያለኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተማሪ መሆን አፈርኩ። እምቢ አልኩት። ‹እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ› ብሎ ወደ ደረጃው ሲሄድ ገፋሁት።» ከረባቱን ላላ አደረገ። «ደወሉ ሲደወል ገና ይተነፍስ ነበር። ሰው እንዳልጠራ፣ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ ብዬ አፈርኩ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፖሊሶቹ አጎቷን ይዘውት ወጡ።

መርማሪዋ ወደ ሴትዮዋ ቀረበች። «እትዬ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለችና ቁልፉን አወጣች።

ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«እዚህ ፎቅ ላይ ልትፈቺኝ ነው?» አሉ፤ አንቺ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር። «ያሰርሽኝ እዚህ አይደለም፣ ልጄ።»

አብረው ወረዱ። መርማሪዋ በዋናው በር ላይ ቆማ ፀጉር ቆራጩ እስኪወጣ፣ ጫማ ጠጋኙም ከሥራው ቀና እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ «እሳቸው ንጹሕ ናቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ቁልፉንም አዞረች። ካቴናው ሲከፈት ሴትዮዋ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።