«ዛሬስ ምን ተባባላችሁ?»

ሚጣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጥያቄው ቀደማት። እናቷ የአንዲት ደንበኛን ፀጉር እየጠቀለለች ነው፤ እጇ ሥራውን አልለቀቀም፣ ዓይኗ ግን በመስታወቱ ውስጥ ልጇን ይከታተላል። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡት ሁለት ሴቶችም ጆሯቸው እየጋለ ወሬው እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

ሚጣ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል። ደንበኞቹ ግን በልጅነቷ ለእናቷ ፎጣ ስታቀብል ያዩዋት ጊዜ ያወጡላትን ስም አልተዉትም፤ እሷም ክርክሩ ስለሰለቻት ዝም ብላለች።

ትምህርት ቤቱ ለአንዳንድ ተማሪዎች የሚያማክራቸው ትልቅ ሰው ሲመድብ ለእሷ የደረሰቻት አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ነበረች። ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጠው ያወራሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚጣ ወሬ አያልቅም ነበር። ክፍል ፊት ቆማ ስታነብ ጉልበቷ እንደሚንቀጠቀጥ የነገረቻትም ያኔ ነው። እናቷ ስትወተውታት ይህንኑ ለእሷም ነገረቻት። በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ በሙሉ መካሪ ሆኖ ጠበቃት። አንዷ «ተማሪዎቹን ወንበር ናቸው ብለሽ እያቸው» አለቻት። ሌላዋ ማር ላሺ አለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ መስታወቱ ፊት አቁማ መጽሔት አስነበበቻት። ሚጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፋርማሲስቷ ፊትም አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። ዛሬ ፋርማሲስቷ ሳትቆጣ፣ «መምጣቱ ካስጠላሽ አላስገድድሽም። ለትምህርት ቤቱ እነግራለሁ፣ ሌላ ልጅ ይሰጡኛል» አለቻት። ሚጣ ልታጣት አትፈልግም። ማንም ሳያቋርጣት የምታወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ግን የተናገረችው ሁሉ እዚህ ፀጉር ቤት እንደሚደርስ እያወቀች እንዴት ታውራ?

«ምነው ተዘጋሽ? ተጣላችሁ እንዴ?» አለች እናቷ።

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ንገሪኛ። እሷ የጀመረችውን እኔ ቤት ውስጥ ካላገዝኳት ምን ዋጋ አለው?»

«ተያት እስቲ፣ ፍቅር ይዟት ይሆናል» አለች ካስክ ስር ካሉት አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እናቷም አብራ ሳቀች።

ውሸቱ የሚጣ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «ስለ ሒሳብ ነው ያወራነው» ብትል ሁሉም ይረካሉ፤ የሚመጣው ረቡዕም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ሌላ ውሸት ይፈልጋል። ዝም ብትል ደግሞ አይለቋትም።

«እማዬ፣ አንዴ ወደ ጓዳ ነይ።»

ጓዳው እርጥብ ፎጣ የተከመረበት ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት መዞሪያ የለውም። እናቷ ቅባት የነካ እጇን ከፍ አድርጋ ገባች።

«ምን ሆነሻል? ሰው አስቀምጬ እኮ ነው።»

«ጉልበቴ እንደሚንቀጠቀጥ ለምን ነገርሻቸው?»

እናቷ ደነገጠች። «እንዲመክሩኝ ብዬ ነዋ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንቺ ስጨነቅ አድሬ... ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ምን አውቃለሁ?»

ሚጣ ይህን አልጠበቀችም። ነገሩን ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር። ከውጭ የሴቶቹ ሳቅ እንደገና ተሰማ።

«ከእሷ ጋር የማወራውን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አልነግርሽም» አለች። «የከበደኝ ነገር ሲኖር ግን ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ። ለአንቺ ብቻ።»

«ከእናት የሚደበቅ ነገር አለ?»

«ከደንበኞችሽ የሚደበቅ አለ።»

እናቷ እጇን በፎጣ ጠርጋ ወጣች። ሚጣ የተናደደችባት መስሏት ፈራች፤ ቢሆንም ተከትላት ወጣች።

«እሺ፣ ምን አለች ልጅት?» ጠየቀች ፀጉሯ በግማሽ የተጠቀለለው ደንበኛ።

እናቷ ማበጠሪያውን አነሳች። «የራሷ ጉዳይ ነው» አለች። «አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ።»

ሚጣ በሩ አጠገብ ቆማ ስልኳን አወጣችና ለፋርማሲስቷ «ረቡዕ እመጣለሁ፤ ሌላ ልጅ እንዳትቀበዪ» ብላ ላከችላት።