የአስታው ጠርሙስ

የአስታው ጠርሙስ ማክሰኞ ጠዋት ከፍሪጁ ጠፋ።

ረቡዕ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነበር። ከደጋ በአህያ የወረደ የዱር አስታ ቅጠል፣ በአልኮል ተዘፍዝፎ የተጠለለ። የከብት ቁስል የሚያመረቅዘውን ጀርም ይገድላል ተብሎ ከሚሴ ያለችው ትንሽ ላቦራቶሪ ወር ሙሉ ስታወራለት ከርማለች።

ሳጅን ረቢአ ወንበር ቢሰጧት አልተቀመጠችም። መቀመጥ የሚሉት ነገር አልፈጠረባትም።

"የላቦራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ" አለ ተመራማሪው ሙጂብ። "ሌላው ጽዳቷ አሻ ጋ።"

የአሻ ቤት ተፈተሸ። ከመደቡ ሥር የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተገኘ፤ ታቹ ላይ ቡናማ ጭላጭ አለበት። ሲሸቱት አስታ ነው። ነገሩ አለቀ ተባለ።

ለረቢአ ግን አላለቀም። የጠፋው አንድ ሊትር ነው።

"እትዬ አሻ፣ ሰርቀዋል ወይስ አልሰረቁም?"

"ይቺን ሰርቄያለሁ። ትልቁን ግን ወላሂ አልነካሁም።"

"መቼ ነው የሰረቁት?"

"በተጠለለ ቀን ቀዳሁ። ኋላ ሙጂብ ጀርሙን ፈጀው እያለ ሲፈነጥዝ ሰማሁና ላሜን ቁስሏ ላይ ቀባኋት። ሐኪም አልጠራሁም።"

"ከዚያስ?"

"ያ ረቢ! ባሰባት። ባለፈው ሐሙስ ሞተች። ያልሠራልኝን ነገር በሊትር ልስረቅ?"

ረቢአ ጠርሙሷን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ከነፈች። ቴክኒሺያኗ ነኢማ ክብ ወረቀት በጭላጩ ነክራ ጀርም የተዘራበት ሳህን ላይ አስቀመጠች። አስታው የሚገድል ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም አይበቅልም።

"መቼ ይታወቃል?"

"ነገ፣ ኢንሻአላህ።"

"ዛሬ አይሆንም?"

"ጀርም በፖሊስ ትእዛዝ አይበቅልም፣ ሳጅን።"

አሻ ደግሞ ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ረቢአ እንቅልፍ አጣች፤ የጠዋት ሻይዋን እንኳ ቆማ ነው የጠጣችው።

ሳህኑ ተከፈተ። ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል። ነኢማ የሙጂብን የቀድሞ ሳህን አጠገቡ አደረገችው። በዚያኛው ወረቀት ዙሪያ ንጹሕ፣ ሰፊ ክብ ይታያል።

"የአሻው ከርሞ ተበላሽቶ ነው" አለ ሙጂብ።

"ሊሆን ይችላል። ነኢማ፣ እሱ ከትልቁ ጠርሙስ የነከራቸው ወረቀቶች ተርፈዋል?"

"አራት አሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው።"

"አዲስ አበባ ላኪያቸው። ምን እንዳለባቸው ይንገሩን።"

ሙጂብ ለረቢአ በቀረበው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"የከብት አንቲባዮቲክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አስታው ብቻውን ምንም አላደረገም። ይሠራል ብዬ ለአለቆቼ ተናግሬ ነበር፤ ማፈሩን ፈራሁና ተጠልሎ ካደረ በኋላ ጨመርኩበት። አዲስ አበባ እንደሚደርሱበት ሳውቅ ቦርከና ወንዝ ወስጄ ደፋሁት። ግን ማንንም አልጎዳሁም።"

አሻ ወደ ፍርድ ቤት ከሚወስዳት ፖሊስ ጋር በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

"ያ የጨመርክበት መድኃኒት ላሜን ያድናት ነበር?"

የመለሰችው ነኢማ ናት።

"ያድናት ነበር፣ እትዬ አሻ።"

አሻ እንባዋ መጣ።

"ወንዝ ውስጥ ደፋኸው" አለችው።