ኑርሃን የኤሌክትሪኩን ልክ ያገኘችበት ሰሞን

ኑርሃን ሸዋ ሮቢት ተወልዳ ያደገች ተመራማሪ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትንሽ የምርምር ጣቢያ ለፍየል የሳንባ በሽታ አዲስ ክትባት ትሞክራለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፍየሏ በማደንዘዣ ትተኛለች፣ ከበሽታው ተህዋስ የተወሰደ የዘረ መል ቁራጭ ጡንቻዋ ውስጥ ይወጋል፣ ከዚያ በሁለት መርፌዎች መካከል ለቅጽበት የኤሌክትሪክ ምት ይለቀቃል። ምቱ የሕዋሶቹን ግድግዳ ይከፍትና ዘረ መሉን ያስገባል፤ ግድግዳውም ተመልሶ ይዘጋል። በገባው ዘረ መል አማካይነት የፍየሏ ሰውነት በሽታውን መከላከል ይማራል።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ደካማ ሆነ። ኑርሃን ቸኮለችና በሁለተኛው ዙር ቮልቱን በእጥፍ ጨመረችው።

በሦስተኛው ቀን የፍየሎቹ ተንከባካቢ እትዬ ጣይባ ቢሮዋ ድረስ መጡ። የማጀቴ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ፍየል አርብተዋል።

«ልጄ፣ ፍየሎቹ እያነከሱ ነው። የተወጉበት ቦታ ጠጥሯል» አሏት።

«ይለቃቸዋል እትዬ። ኃይሉ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።»

«ወላሂ እኔ ትምህርቱን አላውቅም። ግን የቆሰለ ሥጋ ምን ይማራል? ደግሞ የሚያነክሱት ከሲታዎቹ ናቸው፤ የወፈሩት ደህና ናቸው።»

ኑርሃን ፈገግ ብላ ሸኘቻቸው። የነገሯትን ግን መዝገብ ላይ አላሰፈረችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም የወረዱት ከሲታዎቹ ነበሩ። ብዙዎቹ ሕዋሶች ተከፍተው በዚያው ሞተዋል፤ የሞተ ሕዋስ ደግሞ ምንም ቢሰጡት አይሠራበትም። ኑርሃን ደብተሯን ይዛ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄደች።

«እትዬ፣ ያን ዕለት አልሰማሁዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

ጣይባ ሳቁ። «እንግዲያው ተቀመጪ፣ ብዙ ነው» አሉ።

ከሰዓቱን ሙሉ እያንዳንዷን ፍየል ሲዳብሱ ዋሉ። ከሲታዎቹ ስብ ስለሌላቸው ምቱ ሥጋቸውን በርትቶ እንዳገኘው ኑርሃን ገባት። ከዚያ ኑርሃን ቮልቱን ዝቅ አደረገች፤ የምቱን ርዝመትና ቁጥር ቀነሰች፤ የመርፌዎቹን ጥልቀትና ርቀትም እንደየፍየሏ ሥጋና ስብ ለካች። ለካ ሁሉንም ማስማማት እንጂ አንዱን ብቻ ማብዛት አይበቃም ነበር።

ሦስተኛው ዙር በሃያ አዲስ ፍየሎች ተደረገ። በማግስቱ አንዷም ሳታነክስ እርስ በርስ ሲዋጉ ዋሉ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ከሃያዎቹ በአሥራ ስምንቱ ደም ውስጥ መከላከያው ተገኘ። ኑርሃን ወረቀቱን ይዛ ሮጠች።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ጣይባ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ፍየሎቹ ደንግጠው ተበተኑ፤ ሁለቱም እየሳቁ ሊሰበስቧቸው ሲሯሯጡ የጣይባ ነጠላ እሾህ ላይ ተይዞ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ኃይል ያለ ልኩ ያቆስላል። ልኩን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ነው። ዛሬ ወደ ጣቢያው አዲስ ተመራማሪ ሲመጣ ኑርሃን መሣሪያውን አታስነካውም። «መጀመሪያ በረት ግባ፤ እትዬ ጣይባ የሚሉህን ጽፈህ ተመለስ» ትለዋለች።